ጂቱን ማን ያነሳታል

ገረሱ ሚስቱን ከአልጋ አንስቶ ዊልቸሩ ላይ ሲያስቀምጣት በጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ዘዴም ነበረው። መጀመሪያ ሁለቱን እግሮቿን በአልጋው ጠርዝ ቁልቁል ያወርዳል። ቀጥሎ ቀኝ ጉልበቷን በራሱ ጉልበቶች መሃል አጥብቆ ይይዛል፤ ያ እግር ራሱን ችሎ መቆም ከተወ አራት ዓመት አልፎታልና። ከዚያ ክንዶቹን በብብቷ ስር አሳልፎ ጀርባዋ ላይ ያቆላልፍና «በይ ጂቱዬ፣ አንድ፣ ሁለት...» ብሎ፣ ሦስት ሳይል ያዞራታል። ሠላሳ አምስት ዓመት ድንጋይ ሲያነሳ የኖረ ግንበኛ ስለሆነ ሸክም በጉልበት እንጂ በወገብ እንደማይነሳ የሚነግረው አላስፈለገውም።

ድንጋይ ግን አንዴ ቦታውን ከያዘ ያዘ ነው። ሰው እንዲህ አይደለም። ጂቱ ስትቀመጥ መደገፍ አለባት፤ ስትተኛ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠች ጀርባዋ ይቆስላል። ገረሱ በቀን ስምንት ጊዜ፣ አንዳንዴም አሥር ጊዜ ያነሳታል። ያጥባታል፣ ያጎርሳታል፣ የደነዘዘ እጇን ጣት በጣት እየዘረጋ ያፍታታል። እንቅልፉንም በስልኩ አላርም ቆራርጦታል። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ መስታወት ውስጥ የሚያየው ሰው ግን የራሱ ታላቅ ወንድም ይመስለዋል።

ቤታቸው ጉራራ ነው፤ ከአዲስ አበባው ፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ መንገዱ ጠብቦ መኪና «ከዚህ ወዲያ እናንተው» የሚልበት ቦታ ላይ። ድንጋዩን የጠረበውም፣ ግድግዳውን ያቆመውም ራሱ ገረሱ ነው። የሰፈሩ ሰው «የገረሱ ግንብ» ይለዋል፤ ስንት ክረምት ጎርፍ ወርዶበት አንዲት ስንጥቅ ያልታየበት ግንብ ነው። ገረሱ ይህን ሲሰማ በልቡ ደስ ይለዋል፣ በአፉ ግን «መሠረቱን በደንብ ስለቆፈርኩ ነው» ከማለት አያልፍም። ብዙ ነገር እንዲህ ነበር የሚያስበው። የቆመ ነገር ሁሉ አንድ ሰው ሥራውን በአግባቡ ስለሠራ ነው የቆመው፤ የወደቀም አንድ ሰው ስለለገመ ነው የወደቀው።

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ገረሱ የተወለደው ወለጋ፣ ከጊምቢ ወዲያ ባለች መንደር ነው። አባቱ የመንደሩ የወንጌል ጸሎት ቤት አገልጋይ ነበሩ፤ ደግ ሰው፣ ለተቸገረ ካባቸውን አውልቀው የሚሰጡ። ገረሱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ የስድስት ዓመት እህቱ ኡርጂ በኩፍኝ ታመመች። ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት መንገድ ነበር። እናቱ «እንውሰዳት» ስትል አባቱ «የሰጠን እሱ ነው፤ እሱ ያውቃል፤ እንጸልይ» አሉ። ሦስት ቀን ጸለዩ። በአራተኛው ቀን ትንፋሿ ሲያጥር አባቱ ራሳቸው በጀርባቸው አዝለዋት ሮጡ። ወንዙን ሲሻገሩ ከኋላ ይከተል የነበረው ገረሱ የእህቱ እግር በአባቱ ጎን ላይ እንደ ጨርቅ ሲወዛወዝ አየ። ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ ተመለሱ።

አባቱ ከዚያ በኋላ ስለ ኡርጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። ገረሱም እግዚአብሔርን አልተወም፤ ጸሎት ቤትም አልቀረም። ብቻ በልቡ አንድ ነገር ወሰነ፦ እኔ ባለሁበት ቤት ማንም ሰው ቁጭ ተብሎ ሲጸለይለት አይሞትም።

አዲስ አበባ መጥቶ ግንበኝነት ተማረ፤ ጂቱንም ያገኛት ጸሎት ቤት፣ መዘምራን ውስጥ ነው። መገናኛ አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ወሬ የምትወድ፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ቤት ውስጥ የሚያወራው እሷ ነው፣ የሚሰማው እሱ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ጸጋ አሏት።

ከአራት ዓመት በፊት በጥር ወር ሲሚንቶ ሳይመጣለት ቀርቶ ገረሱ ቤት ዋለ። ጂቱ በረንዳ ላይ ልብስ ስትሰፋ መቀሷ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አንስቶ ሲሰጣት አልተቀበለችውም። ቀና ሲል አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ሌላ ሰው ቢሆን ውሃ ይረጭ ነበር፣ ጎረቤት ይጠራ ነበር። ገረሱ አላመነታም፤ አዘላትና በኮብልስቶኑ ቁልቁል መኪና እስከሚገኝበት ድረስ ሮጠ። ሐኪሙ «ስትሮክ ነው። ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ አናተርፋትም ነበር፤ እርስዎ ነዎት ያዳኗት» አለው። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ገረሱ ልብ ውስጥ እንደ ማኅተም አረፈች። እኔ ነኝ ያዳንኳት። እንግዲያው የማቆያትም እኔ ነኝ።

ግንበኝነቱን ተወ። ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችውን እንቅስቃሴ አንድም ሳያጎድል ተማረ። የክኒኖቹን ሰዓት ካርቶን ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ አደነቀው። እያደር ግን አድናቆቱ ወደ ሥጋት ተለወጠ፤ ገረሱ ማንም ሰው ጂቱን እንዲነካት አይፈልግም ነበር።

ጸጋ መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።

«አባዬ፣ ዛሬ እኔ ልያዛት። አንተ ወጣ በልና ንፋስ ይንካህ» ትለዋለች።

«ወገብሽን ትሰብሪያለሽ።»

«እሺ የሚያግዝህ ሰው እንፈልግ።»

«የማያውቃት ሰው እንዴት ያነሳታል?»

«የቤተ ክርስቲያን እህቶችስ? ስንቴ ጠየቁህ?»

«እነሱ የሚያውቁት መጸለይ ነው።»

አንድ ቅዳሜ ጸጋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ እማዬን ካንተ በቀር ማንም የማይወዳት ይመስልሃል?» አለችው። ገረሱ የሾርባውን ድስት አማሰለ።

ሚልኬሳ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ይመጣል። ሚልኬሳ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ በዕድሜ እኩያው፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጁ፣ በቅርቡ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጣ ሰው። ሁለት ሦስት ሰው አስከትሎ መጥቶ ረጅም ጸሎት ይጸልያል። ሲጨርስ የገረሱን ትከሻ ይይዝና «ወንድሜ፣ ሸክምህን በጌታ ላይ ጣለው» ይለዋል።

ገረሱ አንድ ቀን መለሰለት። «አንተ ትጥለዋለህ፣ እኔ አነሳዋለሁ። እንዲህ ከተከፋፈልን ምን ችግር አለው?»

ሚልኬሳ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ገረሱ ግን እየቀለደ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ገረሱ ራሱ ጸሎት ከተወ ቆይቶ ነበር። አፉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ልቡ ቀጣዩን ሰዓት ነው የሚያስላው፤ ክኒን፣ ምሳ፣ መገላበጥ። እሁድ ጂቱን በዊልቸር ገፍቶ ይወስዳትና ስብከቱ ሲጀመር አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። ምእመናኑ በመንፈስ ተመስጦ ነው ብለው ያከብሩት ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ረቡዕ ከሚልኬሳ ጋር ከሌላ ሰፈር የመጣ እንግዳ ገባ፤ ሱፍ የለበሰ፣ ድምፁ ጠባቧን ክፍል የሞላ ሰው። ጂቱን ትኩር ብሎ አየና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። የመድኃኒቱ ፌስታል እዚያ ነበር። ሄዶ አነሳው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ። «እምነትና ክኒን አንድ ቤት አያድሩም። ዛሬ ይህን አውጥታችሁ ጣሉ፤ እህታችን ነገ በእግሯ ትሄዳለች።»

ጂቱ በደህነኛው እጇ የብርድ ልብሱን ጫፍ ጨበጠች። ገረሱ ተነስቶ ፌስታሉን ከሰውየው እጅ ወሰደ።

«እህቴ በሦስት ቀን ጸሎት ሞታለች» አለው፣ ድምፁን ሳያሰማ ማለት ይቻላል። «ከቤቴ ውጣ።»

ሰውየው ወጣ። ሚልኬሳ በኀፍረት የሚገባበት ጠፋው፤ «ገረሱ፣ እንዲህ እንደሚል አላወቅኩም፣ በጌታ ስም» አለ። ገረሱ በሩን ይዞ ቆሞ ነበር። «አንተም ሂድ» አለው።

እዚህ ድረስ ገረሱን የሚወቅስ የለም። ሰውየውን ማስወጣቱ ትክክል ነበር። ገረሱ ግን ያን ቀን ከአንድ ሰው ጋር ሁሉንም አስወጣ። በሚቀጥለው ረቡዕ እህቶች ሲመጡ በበሩ ቀዳዳ «ሥራ ላይ ነን» ብሎ መለሳቸው። እሁድ መሄዱንም ተወው፤ ዳገቱ በዊልቸር ከበደኝ አለ። ፊት ለፊት ሱቅ ያላት የስልጤዋ ሰዓዲያ ጠዋት ጠዋት «ጋሽ ገረሱ፣ እትዬ ጂቱ እንዴት አደሩ? ገባ ብዬ ልያቸው?» ስትለው «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ይላታል።

ጂቱ ቃላት የሚወጣላት አንድ በአንድ ነበር፤ ከጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው እየጎተተች። አንድ ከሰዓት በኋላ እጇን ሲያፍታታላት «ሰው...» አለች።

«ሰው መጣ?»

ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። «ሰው... ናፈቀኝ።»

«እኔ አለሁልሽ አይደል?»

ጂቱ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገረሱ ደክሟት ነው ብሎ ብርድ ልብሱን ሳበላት።

በሐምሌ መጨረሻ ጂቱን ሳል ያዛት። ስትተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥራት ቀና አድርጎ መደገፍ ነበረበት፤ አራት ቀን በተከታታይ ገረሱ ጎኑ መሬት አልነካም ማለት ይቻላል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የደም ግፊቱን ክኒኖች ሰጣት፣ ገንፎ አበላት፣ አጠገቧ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ካርቶኑ ላይ ምልክት ማድረግ እንዳለበት ትዝ አለው። ስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ይርቃል። አሁን እነሳለሁ አለ።

ሲነቃ ከእንጦጦ የወረደ ጉም መስኮቱን ነጭ አድርጎት ነበር። ቤቱ ጨለም ብሏል፣ ጎዳናው ጭር ብሏል። ገና የነጋ መሰለው። ካርቶኑን አየ፤ የዛሬ ምልክት የለም። ደንግጦ ተነሳ፣ ክኒኖቹን አወጣ፣ ውሃ ቀዳ።

ጂቱ አፏን አልከፈተችም። «ሰ... ሰጠ...» አለች።

«ዋጪ ጂቱዬ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍ።»

«ሰጠ...» ደህነኛውን እጇን አንስታ ገፋችው።

«አታድክሚኝ እባክሽ። ዋጪ።»

ዋጠች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉሙ ሲገፍፍ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ወጥታለች። ገረሱ የስልኩን ሰዓት አየ። አራት ሰዓት ተኩል። የገንፎውን ሳህን አየ፤ ጠርዙ ላይ ደርቋል። ክኒኑን አወጣና የጎደለውን ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ነው የሰጣት። ወደ አልጋው ሲዞር የጂቱ ፊት የአመድ መልክ ይዟል፤ ግንባሯ በቀዝቃዛ ላብ ርሷል። ስሟን ጠራ። ዓይኗን በከፊል ገለጠችና መልሳ ከደነችው።

ገረሱ ምን ብሎ እንደጮኸ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ሰዓዲያ ጫማዋን ሳትቀይር እየሮጠች መግባቷን ነው።

«ጋሽ ገረሱ! ምን ሆኑ?»

«ገደልኳት። መድኃኒቱን ደግሜ ሰጠኋት።»

«አልሞቱም፣ ይተነፍሳሉ! እግራቸውን ከፍ ያድርጉ፣ ትራሱን ከጭንቅላታቸው ያውጡ!» ወደ በሩ ዞራ ባሏን ተጣራች። «ጠሀ! ዳማሷን ወደ ኋላ አምጣት፣ ቶሎ!»

ጠሀ ሸቀጥ የሚያመላልስባትን ትንሽ መኪና መንገዱ እስከፈቀደለት ድረስ አስጠጋ። ጂቱን በብርድ ልብስ ይዘው አወረዷት፤ ሰዓዲያ በራስጌ፣ ጠሀ በመሃል፣ ገረሱ በግርጌ። አራት ዓመት ሙሉ ከእሱ ሌላ ሰው ሲያነሳት ይህ የመጀመሪያው ነበር። መኪናዋ ውስጥ ሰዓዲያ የጂቱን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስደግፋ በቀስታ ዱዓ ታደርጋለች። ገረሱ «ጌታ ሆይ» አለ። የሚቀጥለው ቃል ጠፋበት። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ያንኑ ሁለት ቃል ብቻ እያለ ሄደ።

ጂቱ ተረፈች። ግሉኮስ ተተከለላት፣ ግፊቷ ቀስ እያለ ወጣ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ተረኛዋ ሐኪም የጸጋ እኩያ የምትሆን ልጅ ነበረች። ገረሱን ወደ ጎን ወሰደችው። ትቆጣኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«አባት፣ ቤት ውስጥ ማን ያግዝዎታል?»

«ማንም።»

«ልጅ የለዎትም? ጎረቤት?»

«አሉ።»

«መጨረሻ ሌሊቱን ሙሉ የተኙት መቼ ነው?»

ገረሱ ከልቡ ሊያስታውስ ሞከረ። አልቻለም። ሐኪሟ የግፊት መለኪያውን አምጥታ የእሱን ክንድ ጠቀለለች፤ አነበበችና ደግማ ለካች። «እርስዎም የእኔ ታካሚ ነዎት» አለችው። «እንዲህ ከቀጠሉ ከእሳቸው ቀድመው የሚወድቁት እርስዎ ነዎት። ያኔ ማን ያነሳቸዋል?»

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሚልኬሳ ሲመጣ አላየውም፤ ጸጋ ደውላለት ነው የመጣው። አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያች ረቡዕ በኋላ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ገረሱ ረጅም ጸሎት ሲጠብቅ ሚልኬሳ ዝም አለ።

በመጨረሻ ገረሱ ነው የጀመረው። «ነግራኝ ነበር። "ሰጠኸኝ" ልትለኝ ስትታገል ነበር። አልሰማኋትም።»

«ደክሞህ ነው።»

«ደክሞኝ ብቻ አይደለም።» መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «አባቴ ማድረግ የነበረበትን ሳያደርግ ለእግዚአብሔር ተወው፤ በዚህ ስፈርድበት ኖርኩ። እኔ ደግሞ ለእሱ ምንም አልተውኩለትም። ለእሱም፣ ለእናንተም። ጂቱን የያዝኳት እኔ ብቻ መሰለኝ። እጄ ከላላ የሚይዛት የለም ብዬ... ሚልኬሳ፣ ይሄ ኃላፊነት አይደለም። ፍርሃት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስፈራ ነው የኖርኩት።»

ሚልኬሳ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «እኔም ልንገርህ። አራት ዓመት ሙሉ ቤትህ እየመጣሁ ጸልያለሁ። አንድ ቀን የጂቱን አንሶላ ቀይሬ አላውቅም። እውነቱን ንገረኝ ብትለኝ፣ መጸለይ ቀላል ስለሆነልኝ ነው። ሲያልቅ "አሜን" ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አንተ ትቀራለህ።» መነጽሩን መለሰ። «ማንሳት አስተምረኝ።»

«ወገብህ አይችልም።»

«አስተምረኝ አልኩህ እኮ።»

ጂቱ ቤት ከተመለሰች ከሳምንት በኋላ ገረሱ አስተማረው። ሚልኬሳ ኮቱን አውልቆ ሰቀለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ለትልቅ አገልግሎት እንደሚነሳ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጉልበቷን በጉልበቶቹ ይዞ ክንዶቹን ጀርባዋ ላይ አቆላለፈ። «አንድ፣ ሁለት፣» አለ፤ ሦስት ሲል ተያይዘው አልጋው ላይ ተመልሰው ወደቁ። የሚልኬሳ መነጽር በጂቱ ትከሻ አልፎ ትራሱ ስር ገባ።

ገረሱ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ጂቱ ግን ደህነኛውን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። እየሳቀች ነበር። ገረሱ ያን ሳቅ መቼ እንደሰማው ትዝ አላለውም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ጸጋ ተራ አወጣች። ቅዳሜ የእሷ፣ ሐሙስ የሚልኬሳና የሚስቱ፣ ማክሰኞ ከሰዓት የሁለት እህቶች። ሰዓዲያ «እኔስ?» ብላ ተቆጣች፤ እሁድ ጠዋት እሷ ሆነች፤ ገረሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እስኪመለስ። ክኒኑን ሰጥቶ ምልክት የሚያደርገው ተረኛው ሰው ነው ተባለ። ገረሱ በሁሉም ተስማማ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ከቤት ወጥቶ የሚሄድበት ጠፋው። አራት ዓመት ሙሉ ከፋርማሲና ከወፍጮ ቤት አልፎ አያውቅም። ሰዓዲያ ሱቅ በር ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ በበሩ ቀዳዳ አዳመጠ። «ሂድ!» አለው ሚልኬሳ ከውስጥ። እግሩ ወደ ዳገቱ ወሰደው። ከጉራራ በላይ ባለው የእግር መንገድ በባሕር ዛፎቹ መሃል ቀስ እያለ ወጣ። ሁለት ጊዜ ቆሞ ወደ ኋላ ተመለከተ፤ አንድ ጊዜ ጥቂት እርምጃ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወጣ።

እንጦጦ ራጉኤል አጠገብ ሲደርስ ተሳላሚዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ፤ አንዲት አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ያርፋሉ። ገረሱ የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰው ባይሆንም እጅ ነስቶ አለፈ። ትንሽ ራቅ ብሎ ከተማው ቁልቁል የሚታይበት ቦታ ላይ አንድ ዛፍ ተደግፎ ተቀመጠ። ሊጸልይ ፈለገ። ስለ ጂቱ እግር ሊለምን፣ ስለ መድኃኒቱ ይቅርታ ሊጠይቅ፣ አባቱን ስለ ኡርጂ ይቅር እንዳላቸው ሊናገር ፈለገ፤ ብዙ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

«ደክሞኛል።»

ቆየ። ሌላ የሚጨምረው አልነበረውም። ደግሞ አለው፦ «ደክሞኛል።» ከዚያ ኮቱን አጥፎ ራሱ ስር አደረገና ጎኑን መሬት አስነካ።

ሲነቃ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራለች። ሦስት ሰዓት ተኝቷል። ስልኩን አውጥቶ አየ። ማንም አልደወለም።

ቁልቁል እየሮጠ ወረደ። ቤት ሲደርስ የጂቱ ካልሲ ተገልብጦ ተደርጎላታል፤ ትራሷ በግራ መሆን ሲገባው በቀኝ ነው፤ ሾርባ አንገቷ ላይ ጠብ ብሎ ደርቋል። እሷ ግን ደህና ነበረች። የሚልኬሳ ሚስት የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ስትነግራት ውላ ጉንጯ ቀልቷል። ገረሱ ስለ ካልሲው ሊናገር ምላሱ ጫፍ ደርሶ መለሰው። ያን ዕለት ከሠራው ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር።

ይህ ከሆነ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ጂቱ በእግሯ አልሄደችም። በደነዘዘው ቀኝ እጇ ኩባያ መያዝ ጀምራለች፤ አንዳንድ ቀን ትይዛለች፣ አንዳንድ ቀን ያመልጣታል። ረቡዕ ረቡዕ አሁንም ይጸለይላታል፤ ከጸሎቱ በኋላ ግን ማንም ኮቱን አንስቶ አይሄድም። አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ይጠርጋል፣ አንዱ ጣቶቿን ያፍታታል። ገረሱ ድካሙ አልለቀቀውም። ስድሳ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አብዛኛውን ቀንና ሌሊት የሚያነሳት አሁንም እሱ ነው። ፍርሃቱም አንዳንድ ጠዋት ከእሱ ቀድሞ ይነሳል። እንዲህ ሲሆን «ዛሬ የእኔን ድርሻ አሳየኝ፤ የቀረውን አንተው ያዝ» ብሎ አጭር ጸሎት ይጸልያል። ድርሻው የት ላይ እንደሚያበቃ ሁልጊዜ አይታየውም። ጥያቄውን ግን ቢያንስ ብቻውን አይሸከመውም።

ባለፈው ሐሙስ ከዳገቱ ሲመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘው። ሚልኬሳ ወንበሩ ላይ አንገቱን ወደ ጎን ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። የክኒኑ ምልክት በሰዓቱ ተደርጓል። ጂቱ ትራሷን ተደግፋ ነቅታ ትጠብቀዋለች። ገረሱ ሊቀሰቅሰው አንድ እርምጃ ሲራመድ ጂቱ እጇን አንስታ ከለከለችው።

«ተወው» አለች፣ ቃሉን ሳትጎትተው። «ደክሞት ነው።»

ገረሱ ጫማውን አወለቀ። ድምፅ ሳያሰማ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።